አራተኛው መስታወት

ሦስቱን መስታወት የሰበርኩት እኔ ነኝ። አራተኛውን ግን ነክቼው ከሆነ እጄን ይቁረጠው።

የመሬት መንቀጥቀጡ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። በማግስቱ የመሬት ጥናት ባለሙያው መጣና ስንጥቁ ላይ አንዲት ቀጭን መስታወት አጋድሞ በጀሶ ለጠፈ።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሄ ይሰበራል። ያኔ ደውሉልኝ» አለ።

አባቴ ግንበኛ ነው፤ ያንን ቤት በገዛ እጁ ነው የሠራው። ደሙ ፈላ። «ቤትህ ሊወድቅ ነው እያልከኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ከውስጥ ምድር ትገፋለች፣ ከውጭ ዝናቡ ተራራውን ይሸረሽረዋል። እርስዎ ያሉት መሃል ላይ ነው።»

«እኔ ይሄን ስገነባ አንተ ጡት አልጣልክም።»

እኔ ክርክሩን መች ሰማሁ። ባለሙያው ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ፤ በቃ፣ አለቀልኝ። በሳምንቱ ዘነዘና አንስቼ መስታወቱን አደቀቅኩትና ደወልኩ፤ መጥቶ ሌላ ለጠፈ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ።

በሦስተኛው ስብርባሪውን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። «ግድግዳ ሲሰብረው ለሁለት ይከፈላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ግን ተፈጭቷል።»

ዘነዘናውን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት።

«ሌላ ጊዜ ስናፍቅሽ ዝም ብለሽ ደውይ» አለኝና አራተኛውን ለጠፈ።

ብዙም ሳይቆይ ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለአባቴ ነገረው። አባቴ የጀሶውን ሳህን ወርውሮ ግንባሩን ፈነከተው። «ቤቴ ላይ ያሟረተ ልጄን አያገባም» አለ። ባለሙያው ደሙን በመሐረብ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ አየሁና ደወልኩለት።

«ዛሬስ በምን መታሽው?» ብሎ ሳቀ።

«ለሁለት ነው የተከፈለው።»

ሳቁ ቆመ። «ውጡ። አሁኑኑ ውጡ።»

አባቴ ግን «ደግሞ ጀመራችሁ?» ብሎ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልነጥቀው ታገልኩት፤ ገፍትሮ ጣለኝ። ስንናጭ መሬቱ ከሥራችን አጓራ። ወለሉ አንስቶ አፈረጠኝ፣ የተራራው ጎን ተገመሰ፣ ጭቃና ቋጥኝ የማድቤቱን ግድግዳ ደርምሶ ገባ።

አምስተኛውን መስታወት የሰበረው ባለሙያው ነው፤ ስልኩን እንደዘጋ እየበረረ ደረሰ። የመኝታ ቤቱን መስኮት በድንጋይ አርግፎ ገባና እኔን ወደ ውጭ ወረወረኝ። አባቴ ግድግዳውን በሁለት እጁ ደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሙጭጭ አለ። ከግድግዳው አላቅቆ በመስኮቱ ገፍትሮ አስወጣው። ያኔ ግድግዳው በራሱ በባለሙያው ላይ ተደረመሰ። እሱን ስንጎትተው ቀኝ እጁ ከድንጋዩ ሥር ነበር።

ሐኪሞቹ እጁን ከአንጓው ቆረጡት።

አባቴ ጭቃውን ሳይታጠብ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እኔ የጠረብኩት ድንጋይ ነው እጅህን የበላው» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እንግዲህ መስታወቱን በምን ልትለጥፍ ነው?»

«በእሷ እጅ፣ ከፈቀዱልኝ።»

አባቴ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «እሷ እንደሆነች መስበር ብቻ ነው የምታውቀው።»

እምቢ ግን አላለም።