ያልተቆረጠች አራት ሰከንድ

«እንደገና!» አለ ይልማ።

ታቢታ ያንኑ ዓሣ ለስድስተኛ ጊዜ ሚዛን ላይ አኖረችው። አሞራ ገደል በሚገኘው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዝጋቢ ናት።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ከሞተ በኋላ ስንቴ ላድክመው?»

«ብርሃኑ ነው ያስቸገረኝ።»

«ብርሃኑ ማነው? ከአዲስ አበባ አብሮህ የመጣው ነው?»

አስጋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ቀበሌ ተሰብሳቢ ተኮፍሰው የቆሙት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ብቻ አልሳቁም።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው። የሃያ ስምንት ዓመቱ ይልማ ስለ ማኅበሩ የምርት ድል የሃያ ደቂቃ ፊልም እንዲሠራ ከቴሌቪዥን ተልኮ አዋሳ መጣ። የተፈቀደለት ሦስት ቀን ነበር። በብርሃኑ እያሳበበ ወር ሞላው። ብርሃኑ ግን ምንም አልበደለም፤ አመሻሽ ላይ ሁለቱ በሐይቁ ዳር ዝም ብለው ሲሄዱ፣ ሲተያዩና ዓይን ሲሰባበሩ እያየ ይጠልቅ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ቀረበላት። ከመጉረሷ በፊት ዓይኗን ጨፈነች። ካሜራው እየሠራ ነበር።

«ያቺን ዓይኔን የጨፈንኩባትን ቁረጣት» አለችው ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሲል። «ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው እኛ ቤት ተደብቀን ነው። ከታወቀ አባቴን ይወስዱብኛል።»

«እቆርጣታለሁ። አባቴ ይሙት!»

«አትማል፤ ያንተም አባት ይኑሩ። አዎን ካልክ ይበቃኛል።»

«አዎን።»

አዲስ አበባ ገብቶ መቀሱን አነሣ። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ዓሣ፣ ሚዛንና ንግግር ነው። ፊልሙ ነፍስ የነበረው በእነዚያ አራት ሰከንዶች ብቻ ነው። መቀሱን አስቀመጠው። ለጥንቃቄ ይሆናል ብሎም ተራኪውን እንዲህ አስነበበው፦ «ጓድ ታቢታ የመጪውን ዓመት ዕቅድ በጥሞና ታሰላስላለች።»

ለአብዮት በዓል ፊልሙ አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ «እንዲህ ያለ ጥሞና አይተን አናውቅም» አሉ። ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው የታቢታ ቀበሌ ሊቀመንበር ግን ልጅነቱን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ነውና፣ ያቺን ጥሞና አሳምሮ ያውቃታል። በቀጣዩ እሑድ አባቷን አቶ ማቴዎስን ቤታቸው መዝሙር እያስዘመሩ ሳሉ ወሰዷቸው።

ይልማ ወሬው ሲደርሰው በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ። ያገኛት እስር ቤቱ በር ላይ፣ ስንቅ ይዛ ተሰልፋ ነው።

«ታቢ…»

«ዕቅድ እያሰላሰልኩ ነው፤ አትረብሸኝ።»

«ሽልማቱን እመልሳለሁ።»

«አባቴንም አብረህ ትመልሰዋለህ?»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም አብሮ ተንቀሳቀሰ።

«በቃ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ቁርጥ?» ሳቋ መጣ፤ ዕንባዋ ቀደመው። «ቁርጥማ የተጠየቅከው አንተ ነበርክ።»

ዘበኛው ስሟን ጠራ። ይልማ እጅጌዋን ያዘ።

«ያን ቀን… ምን ብለሽ ነበር የጸለይሽው?»

ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«‹እንደገና› እንድትል። አንድ ቀን እንድትጨምርልኝ።»

እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ገባች።

አቶ ማቴዎስ ከዓመት በኋላ ተፈቱ፤ ጺማቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ይልማም ሌላ ሁለት ሽልማት ተቀብሎ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን ለታቢታ አንድ ፖስታ ደረሳት። ደብዳቤ የለውም። ውስጡ አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን የተቆረጠች ፊልም ነበረች። መስኮቱ ላይ በብርሃን ዘርግታ አየቻት። መቶ ትንንሽ ታቢታዎች፣ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁሉም ያንኑ አንድ ቀን ይለምናሉ።

ጠቅልላ የመዝሙር መጽሐፏ ውስጥ ከተተቻት።

«ምሳው ቀርቧል፤ ጸልዪልን ልጄ» አሉ አባቷ።

ታቢታ ጸለየች፤ ዓይኗን ሳትጨፍን።