የወላጆች ቀን አስተርጓሚ

«ዛሬ አንቺ አትተረጉሚም» አለች ራቪት፣ ታብሌቱን ጠረጴዛው መሀል ላይ እያቆመች። «ዛሬ ተማሪ ብቻ ነሽ። ቁጭ በይና አዳምጪ።»

ሊኖር ወንበር ለመሳብ የዘረጋችው እጅ ባለበት ቀረ። «ለምን? እኔ እኮ ሁልጊዜ…»

«አውቃለሁ። ልጅ የራሷን ወቀሳ ለእናቷ እንድትተረጉም ማድረግ ልክ አልነበረም። እኔንም ሲከብደኝ ነው የኖረው። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ይህን አስገብቷል። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው የሚሠራው፤ አማርኛም ይችላል።»

ራቪት የክፍላቸው ኃላፊ መምህርት ናት። ላለፉት ሁለት ዓመታት የወላጆች ቀን በደረሰ ቁጥር፣ በእሷና በሊኖር እናት በሸጋዬ መካከል የምትቀመጠው ራሷ ሊኖር ነበረች። ውሸታም ነኝ ብላ አታስብም። ወጥ ላይ ጨው እንደ ማስተካከል ነበር የምትቆጥረው። «ክፍል ውስጥ ትረብሻለች» የተባለው «ክፍል ውስጥ ትሳተፋለች» ይሆናል። «የቤት ሥራ አታስረክብም» የተባለው ደግሞ «የቤት ሥራው ትንሽ በዝቶባቸዋል» ይሆናል። እናቷ ራሷን ትነቀንቅና «እግዜር ይስጥልኝ በያት» ትላለች። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ሸጋዬ የመጣችው በቀጥታ ከሥራ ነው። ከቤር ሼቫ ወጣ ብላ ባለችው በዖሜር ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ትሠራለች። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስትመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ዕብራይስጧ ለገበያ፣ ለአውቶቡስና ለኩሽና ይበቃታል። መምህራን ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወሩት፤ ቃላቸውም ይረዝምባታል።

ራቪት ተናገረች። ታብሌቱ፣ ዜና እንደምታነብ ሴት ጥርት ባለ ድምፅ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሸጋዬ» አለ።

ሸጋዬ ሳቀች። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ወይዘሮ አለችኝ እኮ!» ወንበሩ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ታብሌቱ ያንን ወደ ዕብራይስጥ መለሰው፤ ራቪትም ሳቀች። ሁለቱ ሴቶች ያለ ሊኖር አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሊኖር ምን እንደተሰማት ለራሷም አልገባትም። ቦታዋን የወሰዱባት መሰላት።

ቀጥሎ የመጣው ግን አላሳቀም።

«ሊኖር በዚህ መንፈቅ ዓመት አሥራ አንድ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ቀርታለች» አለ ታብሌቱ በዚያው በረጋ ድምፅ። «ከአንድ ወር በፊት ስልክ ስደውልም ነግሬዎት ነበር።»

ሸጋዬ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች። «ነግራኛለች?»

ሊኖር ያን የስልክ ጥሪ በደንብ ታስታውሰዋለች። ሳሎን ሆነው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ እሷው ነበረች የተረጎመችው። «በሂሳብ ጎበዝ ናት ትላለች» ነበር ያለችው።

«ኢማ፣ ቤት እነግርሻለሁ» አለቻት እናቷን በዕብራይስጥ።

«እዚሁ ነው የምሰማው።» ሸጋዬ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የባሰውም እሱ ነበር።

ሊኖር ሂሳብ የምትማረው በከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ተማሪዎቹ «አምስት» ይሉታል። ከሥሩ አራትና ሦስት አሉ። የአዲስ ዓመቱ በዓላት አልፈው ትምህርት እንደተጀመረ በአንድ ፈተና ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር ቀበረችው፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል መግባት አቃታት። ሂሳብ ሲደርስ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ ከጓደኛዋ ከሳፒር ጋር ትቀመጣለች። «ያላ፣ በይ ወደ ሦስት ውረጂና ተገላገይ» ትላታለች ሳፒር። ሊኖርም ማንም ሳይጠይቃት ብትወርድ ትመርጥ ነበር።

ራቪት የሸጋዬን ፊት አየችና ነገሩን ልታለሳልሰው ፈለገች። ወላጅ «ትቆይ» ወይም «ትውረድ» ብሎ የሚፈርምበትን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እጇን እያወናጨፈች በፈጣን ዕብራይስጥ አወራች። ሌሎቹ መምህራን ሊኖር ትውረድ ሲሉ እሷ እንዴት እንደተሟገተችላት ተናገረች። በመጨረሻም ዓይኗን አፍጥጣ ወደ ሊኖር እያመለከተች «የዚህች ልጅ ጭንቅላት? ሐቫል ዓል ሀዝማን!» አለች።

ታብሌቱ ትንሽ ቆየና ተረጎመ። «መምህራኑ ከአምስት ትውረድ ብለዋል። በስብሰባው ላይ እሷን ተዋጋኋት። የዚህች ልጅ ጭንቅላት ጊዜ ማባከን ነው።»

ቃሉን ብቻ ለሚመለከት ስሕተት አይመስልም። ሐቫል ዓል ሀዝማን ቃል በቃል ሲተረጎም «ጊዜ ማባከን ነው» ማለት ነው። ግን እዚህ ቤር ሼቫ ውስጥ ማንኛውም ልጅ፣ እንዲህ በፈገግታ ሲባል «ወደር የለውም» ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የሸጋዬ ፊት በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ። «እንዲያ ነው?» አለች። ከዚያም ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። «የት ነው የምፈርመው?»

ራቪት ምንም አልጠረጠረችም። የተናገረችው ደግ ቃል ደርሶ ሸጋዬ «ትቆይ» ብላ የምትፈርም መስሏት ፈገግ ብላ ብዕር አቀበለቻት።

ሊኖር ዝም ማለት ትችል ነበር። ይህን የተረጎመችው እሷ አይደለችም። እናቷ «ትውረድ» ብላ ትፈርማለች፤ እሷም ወደ ሦስት ትወርዳለች፤ ሠላሳ ስምንቱም ይረሳል። ማንም አይጠይቃትም። ነገር ግን እናቷ ያን ቃል ይዛ ልትወጣ ነው። ነገ ድስት ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ልጄ ጊዜ ማባከን ናት ተባለ እያለች ታስባለች።

«ኢማ፣ ቆይ። ተሳስቷል።»

«ማን?»

«ማሽኑ። እንደዚያ አላለችም። የተሟገተችው ለእኔ ነው፤ ጭንቅላቷ ወደር የለውም ነው ያለችው።»

ሸጋዬ ብዕሩን አላስቀመጠችም። «አንቺማ እንዲያ ትያለሽ። መቼ ክፉ ነገር ተርጉመሽልኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። ሊኖር እንድትታመን ከፈለገች ሌላውን ሁሉ ማውጣት ነበረባት። አማርኛዋ ይንተባተባል፤ ቢሆንም በአማርኛ ጀመረች።

«በስልክ ዋሽቼሻለሁ። ጎበዝ ናት አላለችም፤ ትቀራለች ነው ያለችው። አምና ትሳተፋለች ያልኩሽም ትረብሻለች ነበር። ፈተናም ሠላሳ ስምንት አምጥቼ ደብቄብሻለሁ። አሁን ግን አልዋሸሁም። እኔን አትመኚኝ፣ እሺ። ማሽኑንም ተዪው። እሷን ራሷን ስሚያት።»

ታብሌቱ ሥራውን አላቆመም። ኑዛዜውን አንድ ቃል ሳያስቀር በዕብራይስጥ ለራቪት አደረሰው። የራቪት ቅንድብ ከፍ አለ። የሊኖር ጆሮ እስከ ጫፉ ጋለ፤ ግን አላጎነበሰችም።

«ራቪት፣ ስለ ጭንቅላቴ ያልሽውን ድገሚላት» አለች በዕብራይስጥ። «ቀስ ብለሽ። ማሽኑ ሳይገባበት።»

ራቪት ነገሩ ገባት። ታብሌቱን አጠፋችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሸጋዬን ዓይን ዓይኗን እያየች «ሐቫል፣ ዓል፣ ሀዝማን» አለች።

ሸጋዬ ግንባሯን ቋጠረች። «ሐቫል ዓል ሀዝማን? ጊዲ፣ የኩሽና አለቃችን፣ የምስር ሾርባዬን ሲቀምስ የሚለው?»

«እሱው ነው!»

«እና መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም?» ሸጋዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ብዕሩን ቅጹ ላይ ጣል አደረገችና ለራቪት በገዛ አፏ በዕብራይስጥ «ቶዳ፣ ቶዳ ራባ» አለቻት። ምስጋናዋ ያለ ሊኖር ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

ሊኖር ማሽኑ ምን እንዳለ ስትነግራት የራቪት ፊት ቀላ። «ከእናንተ በፊት የሌላውን ተማሪዬን የይስራኤልን አያት አነጋግሬያለሁ። ምን ብሏቸው ይሆን?» ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። «ነገ አማርኛ የሚችል ሰው ይዤ እደውልላቸዋለሁ።» ታብሌቱን እንደገና ከፈተችው። «አልጥለውም። ዛሬ ያለ እሱ ብዙ ነገር አንሰማም ነበር። እኔ ግን አነጋገሬን ላስተካክል።»

ሸጋዬ ወደ ልጇ ዞረች። «የእኔና የአንቺ ጉዳይ አላለቀም። ቤት እንነጋገራለን።»

«እሺ» አለች ሊኖር።

ራቪት አሁን ያወራችው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ መሀል ለታብሌቱ ጊዜ ሰጠችው። «የምትፈርመው እናትሽ ናት። መጀመሪያ ግን አንቺን ልጠይቅ። አምስት ላይ ትቆያለሽ? ወይስ ትወርጃለሽ?»

ታብሌቱ ለሸጋዬ በትክክል ተረጎመላት። ሁለቱም ሊኖርን ጠበቁ።

ሊኖር የሂሳብ ክፍሉን በር አሰበችው። ስትከፍተው ሁሉም ዞሮ ያያታል። ያመለጣት ብዙ ነው። ሳፒር ራሷ አብራት ውጭ ስለነበረች ልትነግራት አትችልም፤ አስተማሪዋን ራሷ መጠየቅ ይኖርባታል። ምላሷ እንደ ልማዱ ወደ ዕብራይስጥ ሊሄድ ሲል መለሰችው። ወደ እናቷ ዞረች።

«አምስት ላይ እቆያለሁ» አለች በአማርኛ። «ነገ ሂሳብ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ነው። እገባለሁ።»

ራቪት አማርኛው ስላልገባት ታብሌቱን ተመለከተች። ታብሌቱ ትንሽ ቆየና በዕብራይስጥ ተናገረ። ሊኖር እስከ መጨረሻው ጆሮዋን ጥላ ሰማችው። የሚታረም ነገር አልነበረውም።