ከአውራ ጣት የተላሰ ማር

አትጠገብ ቀርፋፋ ነገር አትወድም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአባቷ ግቢ ሆና ካሚዮን ሲያጓራ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ በር ትሮጣለች። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ ሰውም፣ ሰላምም። እሷ ግን ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ አዲስ የመጣውን ሁሉ መቅመስ፣ መንካት፣ መሞከር ያምራታል። ነውር ስለሚመስላት ይህን ለማንም አትናገርም።

አባቷ አቶ ሞላልኝ እህል ነጋዴ ናቸው። ድሮ በበቅሎ ያስጭኑ ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ካለው መጋዘናቸው እህሉን የሚያመጣላቸው ፈንታሁን የሚባል ወጣት ካሚዮን ነጂ ነው። ፈንታሁን እናት አባቱን አያውቅም። ገራዶ ውስጥ ሰው ቤት አድጎ፣ ለአንድ ጣሊያን መካኒክ መፍቻ እያቀበለ ነው መንዳት የለመደው።

የተዋወቁት፣ አክስቷ እትዬ አረጋሽ መጋዘኑን ልታይ ስትወርድ አትጠገብን ያስከተለቻት ቀን ነው። በፈንታሁን ካሚዮን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲያያዙት አክስትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ጊዮርጊስን መማጠን ጀመረች። አትጠገብ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ትስቃለች።

«አትፈሪም?» አላት ፈንታሁን።

«ፈርቻለሁ እንጂ! መቼ ነው ደግመን የምንመጣው?»

ያኔ ዞሮ አያት።

«አንተ ልጅ፣ ገደሉ በዚያ በኩል ነው!» ጮኸች እትዬ አረጋሽ ከነጠላዋ ሥር። «እሷን ስትደርስ ታያታለህ!»

ደርሶም አያት። ከዚያ በኋላ እትዬ አረጋሽ እህል ልታስመዝን በወረደች ቁጥር አትጠገብ አትቀርም። አክስቷ ከሚዛኑ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ እሷ ሹልክ ብላ ፈንታሁን ወደሚጠብቃት፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ ትሄዳለች። አንድ ቀን ፈንታሁን ከጣሊያን ሱቅ በረዶ የገባበት ብርጭቆ አመጣላት። በረዶውን አፏ ውስጥ አስገብታ «ያቃጥላል!» ብላ ጮኸች፤ ግን አልተፋችውም። ሌላ ቀን ደግሞ ቢስክሌት ተውሶ መጣ።

«ልቀቀኝ» አለችው ኮርቻውን ይዞ አብሯት ሲሮጥ።

«ትወድቂያለሽ።»

«ልውደቃ!»

ለቀቃት። ወደቀች። የተላጠ ጉልበቷን እያየች ሳቀች። እሱ ተንበርክኮ በመሐረቡ አሰረላት። አስሮ ከጨረሰ በኋላም እጁን አላነሳም። ወንዙ ብቻ ይሰማል። አትጠገብ መቸኮል የረሳችው ያን ጊዜ ነው።

ወሩ ሳያልቅ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፈንታሁን «እሁድ ሽማግሌ ይዤ ቤታችሁ እመጣለሁ» አላት።

«እኔን ልትጠይቅ?»

መሪውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። «ጥሩ ቀሚስሽን ልበሺ» አለ።

አትጠገብ ግን መልስ የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም፤ ራሷ መልሳ ደስ ብሏት ሄደች።

እሁድ ሼህ ሸረፈዲንና አቶ ቀለሙ ፈንታሁንን መሃል አድርገው መጡ። አትጠገብና አክስቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሸጉ።

«ማር ይዘዋል» አለች እትዬ አረጋሽ በሹክሹክታ። «ልጅ ሲጠየቅ ማር ተይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።»

«ዝም በይ እትዬ፣ ልስማበት!»

ሼህ ሸረፈዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ ሞላልኝ፣ ይህ ልጅ አባት የለውም። ለእርስዎም አላህ ወንድ ልጅ አልሰጠዎትም። የጡት ልጅዎ ያድርጉት ብለን ነው የመጣን።»

እትዬ አረጋሽ የአትጠገብን ክንድ ጨበጠች። የጡት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ በወሎ የማያውቅ የለም። ከአባት አውራ ጣት ላይ ማር የላሰ ሰው ከአብራኩ እንደወጣ ይቆጠራል። የአባትየው ሴት ልጅ እህቱ ናት፤ አያገባትም።

«እኔም አስቤበታለሁ» አሉ አቶ ሞላልኝ። «ካሚዮን ልገዛ ነው። ለባዕድ አላስረክበውም፤ ለልጄ ግን እሰጠዋለሁ። አትጠገብ! ነይ፣ ማሩን ያዢ።»

ጥሩ ቀሚሷን እንደለበሰች ወጣች። ሳህኑን ያዘች። አባቷ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ። ፈንታሁን ተንበረከከ፤ ልክ ቦርከና ዳር እንደተንበረከከው። አሁንም ቀና ሊል ይችላል፣ ይቅርብኝ ሊል ይችላል ብላ ዓይኖቹን ጠበቀች። እሱ ግን ማሩን ብቻ ያያል። ሳህኑ ከእጇ ወድቆ እንዲሰበር ፈለገች። አልወደቀም።

ፈንታሁን ላሰ።

«እልል በሉ! በይ እንግዲህ፣ ወንድምሽን ሳሚው» አሉ አባቷ።

ብዙ ቀን ያለመችውን መሳም በሽማግሌዎች ፊት ጉንጩ ላይ አሳረፈችው። ማር ማር ይሸታል።

ሰዎቹ ለግብዣው ሲቀመጡ ግቢው ውስጥ ለብቻው አገኘችው።

«ማክሰኞ ስትነግረኝ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቀሚስ ልበሺ ያልከኝስ?»

«አባትሽን መጀመሪያ አንቺን ነው የጠየቅኳቸው። ‹ዘሩ ካልታወቀ ሰው ጋር አልጋባም፤ ልጅ ልሁንህ ካልክ ግን አባት እሆንሃለሁ› አሉኝ።» ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አትጠገብ፣ ተወልጄ ‹ልጄ› ያለኝ ሰው የለም።»

«አባቴ ስለ እኛ ያውቃሉ ማለት ነው» አለች፤ ሳህኑ ለምን እጇ ላይ እንደተቀመጠ የገባት ያኔ ነው። «እኔንስ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እንጥፋ ትዪኝ ነበር።»

«እል ነበር!»

«ለዚያ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

የሚቀጥለው ሳምንት አዲሱ ካሚዮን በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ እትዬ አረጋሽ «ዛሬ እንኳ ቅሪ፣ ልጄ» አለቻት። አትጠገብ አልቀረችም። ከፈንታሁን አጠገብ፣ ከፊት ተቀመጠች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አያት፤ ከወንድሟ ጋር ለምትሄድ ሴት ግን ማን ምን ይላል?

ኮምቦልቻ ላይ ፈንታሁን ቢስክሌቱን ከተዋሰበት ደጃፍ ራሷ ተውሳ አወጣችው። ሜዳው ላይ ስትደርስ ፈንታሁን ተከትሏት መጥቶ ኮርቻውን ያዘ።

«ልደግፍሽ?»

«ልቀቅ» አለችው። ከዚያም ሳትዞር ጨመረች፣ «ወንድሜ።»

እጁ ተነሣ። ቢስክሌቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አለ፤ አልወደቀችም። ጥቂት ሲሮጥ ሰማችው፤ ኋላም ኮቴው ተቋረጠ። ነፋሱ ፊቷ ላይ መጣ፤ እንደ ድሮው ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ መሆኑ አናደዳት። ፔዳሉን አጥብቃ ረገጠች።