በርሜል ውስጥ የቀሩት ሦስት ድንጋዮች

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ሳሙና ላይ ታትሟል።

ስንጥር ሳሙናውን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ግቢው በር ወረደች። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ የምሳ። ስንጥር የስለላ ቢሮው ያወጣላት የምስጢር ስም ነው። በተማሪ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ደግሞ የማንም አይደለም። ከስድስት ወር በፊት የተዛወረች የምህንድስና ተማሪ ተብላ ወደዚህች ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ቢሮው የመረጣት ለመልኳ አይደለም። ድሮ ምህንድስና ሁለት ዓመት ተምራ ያቋረጠች ሌላ ሰላይ ስላልነበረው ነው።

በሩ ላይ «አጎቴ» ቆሟል። አጎቷ አይደለም። የሚያዛት ሰው ነው። ዘበኛው ግን ዘመድ ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ኪሱን ፈትሾት አያውቅም።

«ይቺ ልጅ ዛሬም ከስታለች» አለ አጎቴ።

«እዚህ ማን ይወፍራል?» አለ ዘበኛው። «ዲኑና ድመቷ ብቻ ናቸው የሚወፍሩት።»

ሳቁ። ፎጣው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ሳሙናው ቆዳዬን አሳከከኝ፤ ይቀይሩልኝ» አለች ጮክ ብላ።

ዘበኛው ዞር ሲል አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምልክቱስ?»

«ሦስተኛው ገንዳ። ስድስት ኪዩብ። በቀይ ቀለም ሰባት ቁጥር።»

«ማን ያውቃል?»

«ከቢሮው እርስዎ ብቻ።»

«ጎበዝ። በምስጢር ፎቶ አንስተን እንወጣለን። ማንም አይነካቸውም።»

አመነችው። ስድስት ወር ያዘዛት ሰው ነው፤ ካላመነችው ማንን ልታምን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው ውስጥ አዲስ የሴቶች ማደሪያ ተሠርቷል። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሃያ ልጃገረዶች ይገቡበታል። ጣሪያው ላይ፣ ልክ ከአልጋቸው በላይ፣ አሥር ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዝ ታንከር በአራት ምሶሶ ተደግፎ ቆሟል። የምሶሶው ሲሚንቶ በሌላ በር ወጥቶ ተሸጧል የሚል ጥቆማ ለቢሮው ደረሰ። ተቋራጩ ወፍራም ሰው ነው፤ ወዳጆቹም ወፍራሞች ናቸው።

የምሶሶው ኮንክሪት በፈሰሰ ቀን ተማሪዎቹ ለልምምድ ከዚያው ወስደው ሞልድ በሚባል የብረት ሳጥን ሞልተው ነበር። ከሞልዱ የሚወጣው አራት ማዕዘን ድንጋይ ኪዩብ ይባላል። ሃያ ስምንት ቀን በቤተ ሙከራው ገንዳ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በመጫኛ ማሽን ይሰበራል። ስንት ጭኖት እንደተሰበረ መርፌው ይናገራል። ሰው ይዋሻል፤ ድንጋይ አይዋሽም።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ዓርብ ነው።

ማታ አሮጌው ማደሪያቸው ውስጥ ጸብ ነበር። የጸቡ ምክንያት በርሜሉ ነው። ቧንቧ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚመጣው፤ ስድስት ልጆች ከአንድ በርሜል ይታጠባሉ።

«ድንጋዮችሽን አውጪልን! የሦስት ሰው ውሃ ቦታ ያዙ» አለች አንዷ።

«ዓርብ አወጣቸዋለሁ አልኩ እኮ» አለች ትርፌ።

ትርፌ የስንጥር የአልጋ ጎረቤት ናት። ስሟን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ሁሉን ነገር ትርፍ አድርጋ ነው የምትይዘው። ትርፍ እስክሪብቶ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ትርፍ ሻማ። ስድስት ኪዩብ ሥሩ ሲባሉ እሷ ዘጠኝ ሠራች። ገንዳው ስለሞላ ሦስቱን ተሸክማ አምጥታ በርሜል ውስጥ ከተተቻቸው። ውሃ ውሃ ነው አለች።

ስንጥር ይህን ለአጎቴ ነግራው አታውቅም። የልጅ ነገር ለቢሮ አይጻፍም ብላ ነው።

ዓርብ። ሰባት ሰዓት ተኩል። የኪዩቦቹ ፈተና ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ በምሳ እረፍቱ ቆልፎት የሄደውን በር አሁን ከፍቶ ሚዛኑን እየወለወለ ነው። ተማሪዎቹ ጋሽ ሚዛን ይሉታል። ስንጥር ሰላም ብላው ወደ ሦስተኛው ገንዳ ሄደች።

ቆመች።

ስድስቱ ኪዩቦች በቦታቸው አሉ። ቀዩ ሰባት ቁጥርም አለ።

ከኪዩቦቹ ላይ ግን አረፋ ይወጣል።

ቀጭን ቀጭን አረፋ፣ እንደ መርፌ ራስ፣ ተራ በተራ ወደ ላይ። ልብስ አጥባ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ደረቅ ነገር ውሃ ሲገባ አየሩን ይተፋል። ሃያ ስምንት ቀን የጠጣ ድንጋይ ምን የሚተፋው አለው? እነዚህ ድንጋዮች ውሃ ካዩ ሰዓት አልሞላቸውም። የለወጣቸው ሰው ቀለሙን አስመስሏል። ልብስ አጥቦ ግን አያውቅም።

ቁልፉን የሰጠችው እሷ ናት። ምልክቱንም እሷ።

ዞራ ወጣች።

ደረጃው ላይ አጎቴ ጠበቃት። ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ደረቱ ላይ የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚል ባጅ አንጠልጥሏል።

«አየሽው መሰለኝ» አለ።

«ሸጥከን።»

«አንተ አልሽኝ?»

«እርስዎ የሚባለው ሰው ዛሬ ሞቷል።»

ፈገግ አለ። «ስሚ፣ ልጅ አትሁኚ። ሕንፃው ዛሬ አይወድቅም።»

«መቼ ነው የሚወድቀው? ቀኑን ታውቀዋለህ?»

«አፍሽን ዝጊ። መታወቂያሽ የኔ ወረቀት ነው። አንድ ስልክ ብደውል ተማሪ አይደለሽም። ፈተናሽ፣ ውጤትሽ፣ አልጋሽ፣ ሁሉም ጉም ነው።»

እውነቱን ነው። ይህን ግን አያውቅም ነበር፤ ስንጥር ትምህርቱን ወዳዋለች። ለሽፋን ብላ የጀመረችውን ሌሊት እያነበበች ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች። ያቋረጠችው ነገር እንደገና የእሷ ሆኖ ነበር።

«ደውል» አለችው።

ጥላው ወረደች።

ማደሪያው ስትደርስ ትርፌ ቦርሳዋን እየሰበሰበች ነው።

«ድንጋዮችሽ የት አሉ?»

«በርሜል ውስጥ። አንቺም ልትቆጪኝ ነው?»

«ልስምሽ ነው። ተሸከሚ።»

ሦስቱን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርገው እርጥብ አንሶላ ደረቡባቸው። እያንዳንዱ ስምንት ኪሎ ነው። ሳፋውን ለሁለት ይዘው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ግቢውን አቋረጡ። ዘበኛው ከበሩ ጥላ ሥር አያቸው።

«ይኼ ምን ዓይነት አንሶላ ነው ሁለት ሰው የሚያጎብጠው? አምጡ» ብሎ ተቀበላቸውና ሳፋውን አቅፎ ወደ ቤተ ሙከራው ደረጃ ወጣ።

ውስጥ ስድሳ ተማሪ ቆሟል። ዲኑም፣ ተቋራጩም፣ አጎቴም አሉ። ጋሽ ሚዛን ስድስተኛውን ድንጋይ ሰብሮ ቁጥሩን እያነበበ ነው።

«ስድስት መቶ አሥር።»

ሊኖረው የሚገባው ትንሹ አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ነው። ተቋራጩ የዲኑን እጅ ጨበጠ።

«ሦስት ይቀራሉ» አለች ስንጥር ከበሩ።

አጎቴ ከፊቷ ቆመ። «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይ አይሰበርም።»

«ቆይ እስቲ» አለ ጋሽ ሚዛን። መነጽሩን አውርዶ መዝገቡን ገለጠ። «የዛሬ ሃያ ስምንት ቀን ዘጠኝ ሞልድ ከእቃ ቤት ወጥቷል። ልጆቹ ፈርመውልኛል። ገንዳ የገባው ስድስት ነው። ሦስቱን ምን በላቸው እያልኩ ወር ሙሉ ስጨቀጭቅ ነበር።»

«በርሜል ውስጥ ነበሩ ጋሼ» አለች ትርፌ አንገቷን ደፍታ። «እርጥብ ሳሉ ቀኑንና የምሶሶውን ቁጥር በሚስማር ጽፌባቸዋለሁ።»

ጋሽ ሚዛን ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰ። ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። አንደኛውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ።

መርፌው መቶ አለፈ።

ሁለት መቶ።

ሁለት መቶ አርባ ስምንት ላይ ድንጋዩ እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረሰ።

ሁለተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ሦስተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ግማሽ እንኳ አይደለም። ነገ እዚያ ታንከር ሥር ሊተኙ ሻንጣቸውን ያሰሩ ልጆች ናቸው የቆሙት።

«ይቺ ልጅ ተማሪ አይደለችም!» አለ አጎቴ። «መዝገብ ቤት ይጠየቅ። ስሟ የለም። የሐሰት ወረቀት ነው!»

ዓይን ሁሉ ወደ ስንጥር ዞረ።

«አይደለሁም» አለች። «ድንጋዩ ግን የእኔ አይደለም። የእናንተ ጣሪያ ነው።»

ሳፋውን ያወረደው ዘበኛ እስካሁን አልሄደም። አጎቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«የልጅቷ አጎት አይደለህም እንዴ? ረቡዕ ሳሙና ተቀብለህ ሄድክ። መቼ ነው ተቆጣጣሪ የሆንከው?»

አጎቴ ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው አልተነቃነቀም። ስድስት ወር ያልፈተሸውን ኪስ ፈተሸ።

አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ ወጣ። ጋሽ ሚዛን ተቀብሎ በሩ ላይ ሞከረው። ሁለት ጊዜ ዞረ።

ዲኑ ስልኩን አንስቶ ፖሊስ ጠራ።

አሥር ሰዓት ላይ አዲሱ ማደሪያ ታሸገ። ውጤቱ ሁለት ፊርማ ፈለገ፤ ጋሽ ሚዛንና ትርፌ ፈረሙ። የሌለ ሰው ከፈረመበት ወረቀቱ ይወድቃል። ስንጥር ያንን ከማንም በላይ ታውቃለች። እስክሪብቶውን አልነካችም።

ትርፌ አልጋው አጠገብ ደረሰችባት። ቦርሳ የሚያስረውን የስንጥርን እጅ እያየች ቆመች።

«ስምሽ ማነው?»

ስንጥር የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች።

«ስድስት ወር ካልሲዬን አድርጋ የምትሄደው ማን ነበረች?»

«አውልቄ ልስጥሽ።»

ትርፌ ፊቷን አዞረች። «ያዢው» አለች። «ትርፍ አለኝ።»

የከተማው መናኸሪያ ጫጫታ ነው። ስንጥር መታወቂያውን ለአራት ቀድዳ ጣለችው። የስልኳን ሲም ካርድ በጥርሷ ሰበረች። ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም። ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ከእንግዲህ የለችም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት እናት እጇን አዩ። ጥፍሯ ሥር ነጭ አቧራ አለ።

«ተማሪ ነሽ ልጄ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ነበር የምትማሪው?»

አውቶቡሱ ተነሳ። ስንጥር ጥፍሯን አየች። አላጸዳችውም።

«ድንጋይ መስበር» አለች።