አደራ በአንደኛ ማዕረግ

መስገጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ፈሪዳ በዓይኗ ተከተለችው።

ወፍራም አረንጓዴ መስገጃ ነው። ዳር ዳሩ በወርቃማ ክር ተሰፍቷል። ከአራቱ ጥግ በአንደኛው ስፌት ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ዕቃ ተደብቋል። ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ውስጡ የአርባ አንድ ሰው ስም አለ፣ ከነአድራሻው። ከየአገሩ ሸሽተው፣ ስማቸውን ለውጠው እዚህ የሚኖሩ ምስክሮች ናቸው። ዝርዝሩ ከፈላጊዎቻቸው እጅ ከገባ አርባ አንድ በር ይንኳኳል።

«ይኸውልዎ እማማ ሰኪና። አደራ ነው» አለ አክሊሉ። ሲያትል ውስጥ፣ ሶዶ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር የትራቭል ቢሮ የከፈተ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። «ዱባይ ሲያድሩ አብዱረህማን የሚባል ሰው ሆቴልዎ ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል። ከእሱ ሌላ ለማንም!»

«አደራ ከሆነማ ሞቼም አላስነካው።» እማማ ሰኪና መስገጃውን ከረጢት ውስጥ ከተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከወሎ እስከ ሲያትል ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ኡምራ ዛሬ ሊሆን ነው። «የዓመቱ ደንበኛ» ተብለው ትኬቱን በነፃ አግኝተዋል። «ግን አክሊሉ፣ ወንበሩ አልጋ ይሆናል ያልከኝ የምርህን ነው?»

«ዝርግት ነው የሚለው እማማ። ፒጃማም ይሰጥዎታል።»

«ፒጃማ! ከማላውቀው ወንድ ጎን በፒጃማ ልተኛ?»

«መጋረጃ አለው።»

«እሱ ይሻላል። ሽንት ቤቱስ ይርቃል?»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ፈሪዳም ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

«ይቺን ልጅ እዩዋት!» አሉ እማማ። «ጃኬትሽን ዝጊ ብዬሽ የለ? በዚህ ዝናብ ደረትሽን ከፍተሽ ትዞሪያለሽ።»

«እሺ እማማ።»

አልዘጋችውም። ከጃኬቱ ስር ሁለተኛ ስልክ ነበር። በአንድ እጅ ቶሎ መድረስ አለባት።

ፈሪዳ ስሟ አይደለም። ሰባት ወር በዚህ ቢሮ ትኬት ስትቆርጥ የኖረችበት ስም ነው። የላኳት ሰዎች «ድርጭት» ይሏታል። አለቃዋ ፊሊጶስ ደግሞ «አጥር» ይባላል። ከአጥር ሌላ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ከከተማው ወጣ ብሎ ይኖራል።

አክሊሉ የሰው ማይል ይሰርቃል። ለሥራ ሲበሩ የሚከርሙ ሰዎች በየበረራው ማይል፣ በየሆቴሉ ፖይንት ይጠራቀምላቸዋል፤ እንደ ገንዘብ ትኬትና ክፍል ይገዛል። ብዙዎቹ ይረሱታል። አክሊሉ አይረሳም። አካውንታቸውን ሰብሮ ይገባና የአንደኛ ማዕረግ ወንበር ይቆርጥበታል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እንደ እማማ ሰኪና ያሉ ናቸው። በዊልቼር የሚገፉ፣ ላውንጅ ገብተው ሻይ የሚጠጡ፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ የሚያሳልፋቸው። የያዙት ምን እንደሆነ የማያውቁ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ቼክ ኢን ላይ የፊሊጶስ ሰዎች መስገጃውን «ለፍተሻ» ይወስዱታል። አክሊሉ ይያዛል። ለእማማ ንጹሕ ትኬት ይቆረጥላቸዋል።

«አሮጊቷ አትነካም?» ብላ ፊሊጶስን ጠይቃው ነበር።

«አትነካም። ቃሌ ነው።»

ወደ ኤርፖርት ሲሄዱ፣ ሆልጌት ጎዳና ላይ የዕቃ ባቡር መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ፈሪዳ መኪናዋን አቆመች። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ግራጫ ቫን፣ ከሦስት መኪና ኋላ። ገመዳ ነው፣ የአክሊሉ ሾፌር። ሌላም ሥራ ይሠራለታል።

እማማ ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። «ያዢ። ማር ነው፤ ጥቁር አዝሙድ አለበት። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ። እኔ ስሄድ ማን ያስታውስሻል?»

«እማማ፣ ለምን ይቸገራሉ?»

«ያዢ ነው የምልሽ! ዛሬ እህልም አልቀመስሽ፣ ፊትሽ ያስታውቃል። ደግሞ ይኸን ወረቀት እዪልኝ። የሆቴሉ ነው። ፊደሉ ደቀቀብኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለች። አንድ ሌሊት። ሰፊ ክፍል። በፖይንት የተከፈለ። ግርጌው ላይ የከፈለው አባል ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ብቻ።

4017።

ደግማ አነበበችው።

ይህን ቁጥር ታውቀዋለች። ከፊሊጶስ ጋር በወር ሁለቴ የሚገናኙት ቤልቪው ከተማ፣ አንድ ሆቴል የአባላት ላውንጅ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ያለችው አስተናጋጅ ስትጠይቀው ካርድ አያወጣም። የቁጥሩን መጨረሻ እየኮራ በቃሉ ይነግራታል። «አርባ፣ አሥራ ሰባት። ከፍተኛው አባል ነኝ።» ቦርሳው ላይ የአየር መንገዱን ጥቁር የክብር ደንበኛ ታግ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሲነጫነጭ ነበር። «በወሩ መጨረሻ መቶ ሺህ ፖይንት ሊቃጠልብኝ ነው» እያለ።

ትናንት አክሊሉ የሚጠቀምበት የተሰረቀ አካውንት ታገደ። ሆቴሉ በጥድፊያ መያዝ ነበረበት። አንድ ሰው ያዘው። ፖይንቱ ከንቱ ሲቀር ማየት ያልቻለ ሰው።

ዝርዝሩን ከላኳት ሰዎች ቢሮ ያወጣው ማን እንደሆነ አሁን ገባት።

«ምነው ልጄ? ሆቴሉ ጥሩ አይደለም?»

«ጥሩ ነው እማማ። በጣም ጥሩ ነው።»

ባቡሩ አለፈ። ነዳች። ሌይን ቀየረች።

ቫኑም ቀየረ።

ኤርፖርቱ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ፓርክ አድርጋ ስትወጣ ሁለተኛው ስልክ ነዘራት። ከመኪናው ራቅ ብላ አነሳችው።

«ድርጭት።»

«እሰማለሁ።»

«ለውጥ አለ። ቼክ ኢን ላይ ማንም አይነካትም። ትብረር።»

«ዱባይስ?»

«ሰዎች አሉን።»

«ዕቃውን የሚቀበለውን ሰው ፊት እኮ ታያለች።»

ከጀርባው የበረራ ጥሪ፣ ማንኪያም ሳህን ሲነካ ተሰማት። ላውንጅ ውስጥ ነው። እዚሁ ኤርፖርት።

«አሮጊት ናት» አለ ፊሊጶስ። «ሰባ አራት ዓመት። በእንቅልፏ ብትቀር ማን ይጠይቃል?»

ስልኩ ተዘጋ።

ፈሪዳ ወደ መኪናው ተመለሰች። እማማ ወርደው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ከረጢቱን አቅፈው ቆመዋል። እንደ ሙሽራ።

«እማማ፣ መስገጃውን እኔ ልያዝልዎ?»

«ውይ! አደራ ተቀብዬ ለሌላ ሰው ልስጥ? ቆይ፣ ከፈለግሽ አክሊሉን ልደውልና ላስፈቅደው።» ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«ተዉት! ተዉት እማማ፣ ለእርስዎ ከብዶ ይሆን ብዬ ነው።»

እውነቱን ብትነግራቸው ያው ነው። ሐቀኛ ሰው ናቸው። ሰው በሌለበት ስሙ ሲነሳ አይወዱም። መጀመሪያ ደውለው «እንዲህ ይሉሃል፣ እውነት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። መስገጃውን ብቻ ብትወስድስ? ባዶ እጃቸውን ይበራሉ። ዱባይ ያለው ሰው ባዶ እጅ ሲያይ ምን ያደርጋቸዋል?

መብረር የለባቸውም። ፓስፖርቱም መወሰድ አለበት።

የቀረው መንገድ አስቀያሚ ነው።

ዊልቼር ገፊው ሙላው አዳራሹ ውስጥ ጠበቃቸው። «እማማ፣ ዛሬ ንግሥት ሆነዋል አሉ!»

«አልሐምዱሊላህ። ቀስ ብለህ ግፋኝ ታዲያ፣ ንግሥት አትፈጥንም።»

ፈሪዳ ዙሪያውን ቃኘች። ገመዳ ሻንጣ የሌለበትን ጋሪ ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳ እርምጃ።

ጎንበስ አለች፣ ሻሻቸውን እንደምታስተካክል ሆና። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለችው የፓስፖርት ቦርሳ። ጭናቸው ላይ ያለው ከረጢት።

«ብርድ ገባሽ እንዴ ልጄ? እጅሽ በረዶ ሆኗል» አሉ እማማ ሰኪና።

የፓስፖርቱን ቦርሳ ነጠቀች። ከረጢቱን መነጨቀች።

ሮጠች።

መጀመሪያ ድምፅ አልወጣቸውም። ከዚያ አዳራሹ ተናወጠ። «ፈሪዳ! ልጄ! ምን በደልኩሽ? ያዙልኝ! አደራ ነው! የሰው አደራ ነው!» ሕዝቡ ዞረ። ሙላው ዊልቼሩን ትቶ ሁለት እርምጃ ሮጠ፣ ተመለሰ። የእማማ ድምፅ ግን ተከተላት። «ካዕባ ፊት ቆሜ ለአላህ እነግርብሻለሁ! ሰማሽኝ? እነግርብሻለሁ!»

ሰማች።

በመኪና ማቆሚያው መተላለፊያ በኩል ወደ ባቡር ጣቢያው። ነፋሱ ደረቷን ወጋት። ሳሏ መጣ፣ ዋጠችው። ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ገባች። በሩ ሲዘጋ ገመዳ ኋለኛው ፉርጎ ውስጥ ዘለለ።

ከእሱ ጋር የሚያገናኝ በር የለም። እስከሚቀጥለው ጣቢያ ደቂቃዎች አሏት።

የጥፍር መቁረጫ አወጣች። ስፌቱን ፈታች። ዕቃው መዳፏ ላይ ወደቀ፣ ጥቁር፣ ቀላል። ከኪሷ የሳል ከረሜላ አወጣች፣ ዕቃውን በወረቀቱ ጠቅልላ ማሩ ውስጥ አሰጠመችው። ከረሜላውን በቦታው ከተተች፣ የተፈታውን ክር ወደ ውስጥ ሸጎጠችና መስገጃውን ጠቀለለች።

ሰዎች ተሳፈሩ፣ ወረዱ። ገመዳ ሰው እስኪቀል ጠበቀ። ሶዶ ጣቢያ ላይ ወርዶ ወደ እሷ ፉርጎ ገባ።

አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ስጪኝ እህቴ። ሰው አይይብን።»

ሰጠችው።

«አሮጊት ዘረፍሽ? ለምን?»

«ወርቅ ያለበት መስሎኝ... አክሊሉ አደራ አደራ ሲል ጊዜ...»

ገመዳ በጣቱ ጥጎቹን ዳበሰ። አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ጠንካራ ነገር አገኘ። ፊቱ ተፈታ። ከዚያ ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ።

«እሱስ ምንድን ነው?»

«የሳል መድኃኒት።»

ብልቃጡን ወስዶ ወደ ብርሃን አነሳው። ማሩ ጥቁር ነው። አዝሙዱ ይንሳፈፋል።

ሳለች። ከልቧ፣ እስክታነባ ሳለች።

«ያዢ፣ ያዢ!» ገመዳ ፊቱን አዞረ። «ወርቅ አለች! ኪስ አውላቂ! ሁለተኛ ሶዶ እንዳላይሽ።» በሩ ሲከፈት መስገጃውን በብብቱ ይዞ ወረደ።

ባቡሩ ወደ ሰሜን ሄደ።

ከሲያትል በስተሰሜን ሊንውድ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ፎጣ ያጥፋል። ይርጉ ይባላል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ አጥር የፈረሰ ቀን ወደ እኔ ነይ ብሏት ነበር። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ፊሊጶስ ነው» አለች። «ሆቴሉን የያዘው በገዛ ፖይንቱ ነው።»

ይርጉ ፎጣውን አስቀመጠ። «ሊቃጠልበት ነበር?»

«ሊቃጠልበት ነበር።»

ስልኩን አነሳ። ፊሊጶስ ከላውንጁ ወንበር ላይ ተያዘ፣ ሳህኑን ሳይጨርስ። አክሊሉና ገመዳ ሶዶ ተገኙ፣ ስፌቱን በመቀስ ከፍተው የሳል ከረሜላ እያዩ።

አርባ አንድ በር ሳይንኳኳ ዋለ።

«ፈሪዳ አበቃች» አለ ይርጉ። «ነገ ሌላ ስም፣ ሌላ ከተማ።»

«ፓስፖርታቸው ይመለስ። እውነቱንም ይንገሯቸው።»

«ፓስፖርቱን እልካለሁ። እውነቱን አልችልም። የአክሊሉ ሰዎች ሁሉ አልተያዙም፤ መጥተው አሮጊቷን ይጠይቋታል። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት። እንደ ልጇ ያየቻት ሌባ ዘረፈቻት። ያ ነው የሚጠብቃት።»

«ትኬቱስ? ቃል ተገብቶላቸው ነበር።»

«ቃል የገባው ፊሊጶስ ነው። መዝገብ ላይ የለም።»

ይርጉ ጨርቁን አጥፎ ሄደ። ማጠቢያው ይዞራል። ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ እስካሁን አላስተዋለችም።

ስልኳን አወጣች። አንድ አካውንት ከፈተች።

በእውነተኛ ስሟ የቀራት ይኸው የማይል አካውንት ብቻ ነው። ስሙን እዚህ መጥራት ደግ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃዋለች። ማይሉ እንዳይሞት በየዓመቱ ከአየር መንገዱ ሱቅ አንዲት ትንሽ ነገር ትገዛ ነበር፣ አንዴ መሀረብ፣ አንዴ ጃንጥላ። አንድ ቀን እሷም ሰማይ ላይ ተዘርግታ ልትተኛ፣ ማንም በምንም ስም ሳይጠራት። ይህን ስም መንካት እንደማይፈቀድላት ታውቃለች። የሚፈልጓት ሰዎች ካዩት ዱካዋን ያገኛሉ።

የተሳፋሪ ስም፦ ሰኪና። ደርሶ መልስ፣ ጅዳ።

ወንበር፦ መተላለፊያ ዳር፣ ሽንት ቤቱ የማይርቅበት።

ምግብ፦ ሐላል። ዊልቼር፦ አዎ።

ያልተሰረቀ ማይል ነው። ለኡምራ ይሆናል።

የስጦታ ሰጪ ስም የሚለውን ባዶ ተወችው።

ቀሪ ማይል፦ ዜሮ። አካውንቱ ይዘጋ? አዎ። ስክሪኑ ነጣ። ስሟም አብሮ ሄደ።

እማማ ሰኪና ይሄዳሉ። ይደርሳሉ። ነጭ ለብሰው ካዕባ ፊት ይቆማሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ እንዳሉት ለአላህ ይነግሩባታል።

«ይድረሱ ብቻ» አለች። «ደርሰው ይንገሩብኝ።»

ውጭ ዝናቡ አላቆመም። አውቶቡስ መጣ። አንዲት ሴት ገባች፣ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘጋች።