አምስተኛው ትሪ

የመዋዕለ ሕፃናቱ የዳይኖሰር መምህርት ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሥራ ክፍሏ ሞታ ተገኘች። ጭንቅላቷ ከመደርደሪያው የብረት ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ጠረጴዛው ላይ ለዛሬ ጠዋት የተሰናዱ አምስት የጄሶ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ ልጆቹ በብሩሽና በማንኪያ እየፋቁ የተቀበረውን የፕላስቲክ አጥንት ያወጣሉ፣ ቅሪተ አካል እንዴት እንደሚገኝም በዚያው ይማራሉ።

መርማሪዋ ጠዋት ስትደርስ ሽማግሌው ዘበኛ በካቴና ታስሯል። ደሟ ፈላ።

«ማነው ያሰራቸው?»

«እኔ» አለ ወጣቱ ፖሊስ። «ጄሶ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ረዳት መምህርቷ ከውጭ ተመልሳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል ልትዘጋ ስትመጣ አምስተኛው ትሪ ገና ለስላሳ ነበር። ስለዚህ ሟች እስከ አሥር ተኩል ስትሠራ ነበር ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ግን አሥር ሰዓት ላይ ወጥተዋል። እስከዚያ ግቢው ውስጥ የቀሩት እኚህ ብቻ ናቸው።»

መርማሪዋ ትሪዎቹን በጣቷ ተጫነቻቸው። አራቱ ድንጋይ ሆነዋል። አምስተኛው ላይ ጣቷ ሰመጠ።

«ጄሶውን ማን ነበር የሚበጠብጥላት?»

«አባባ» አለች ረዳት መምህርቷ ወደ ዘበኛው እያመለከተች። «ሲደክማቸው ደግሞ እኔ። ሁለት ኩባያ ጄሶ፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ዓይናችንን ጨፍነን እንሠራዋለን።»

«ትናንት ከማን ጋር ተጣላች?»

ረዳቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከዳይሬክተሯ ጋር፣ በመጽሐፉ ምክንያት።»

መጽሐፉ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር። ሟች ስምንት ዓመት የለፋችበትን የልጆች ቁፋሮ የሚያስተምር ነው፤ የዳይሬክተሯ ፎቶና ስም ብቻ ወጥቶበታል።

«የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው» አለች በሩ ላይ የቆመችው ዳይሬክተሯ ኮስተር ብላ። «ለወላጆች እናገራለሁ እያለች ታስፈራራኝ ነበር።»

መርማሪዋ መጽሐፉን ገለጠች፤ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ሁሉንም ጠረጴዛውን አስከበበቻቸው።

«ይህ ጄሶ ዛሬም አልደረቀም። ውሃ በዝቶበታል እንጂ ዘግይቶ አልተበጠበጠም፤ ስለዚህ ሰዓቱን አይነግረንም። ሟችም፣ አባባም፣ ረዳቷም እንዲህ አይሳሳቱም። አሁን ይህን ስሙ፦ ‹አንድ ኩባያ ጄሶ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ።›» መጽሐፉን ዳይሬክተሯ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ስትሰርቂ መጠኑን ገልብጠሽ ጻፍሽው። አንድ ቀን እንኳ በጥብጠሽ ስለማታውቂ አልታወቀሽም። ትናንትም ሟች አንቺ ከወጣሽ በኋላ ስትሠራ የነበረች እንድትመስል አምስተኛውን ትሪ በገዛ መጽሐፍሽ ልክ በጠበጥሽ።»

ዳይሬክተሯ ከጠረጴዛው አፈገፈገች። «ገፋ ነው ያደረግኳት። ልገላት አላሰብኩም። ወደቀች።»

«ከወደቀች በኋላ ትተነፍስ ነበር?»

የዳይሬክተሯ እጅ ወደ ኪሷ ሄደ።

«ስልክ ኪስሽ ውስጥ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንቺ ግን ቆመሽ ውሃ ለካሽ።»

ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታ። ዘበኛው ማንንም አላመሰገነም። ወደ ዳይሬክተሯ ተጠጋ።

«ልጆቹ በር ላይ ናቸው። ዛሬ አትምጡ ያላቸው የለም፤ ብሩሻቸውን ይዘው እሷን እየጠሩ ነው። ውጪና አንቺው ንገሪያቸው።»