ቅጥር የሌለው በር

የውኃው ማኅተም በተሰረቀ ዕለት የሰመርዝ ምንጮች ሁሉ መረሩ። በአርባኛው ቀን ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቦታው፣ በእንዳር ግንብ ወዳለው ዋና ምንጭ ካልተመለሰም እንደመረሩ ይቀራሉ። የእንዳር ግንብ የመጨረሻዋ ወራሽ አይዳሪት ማኅተሙን ከሰባቱ ገደሎች ማዶ አስመልሳ ስትመጣ አንዲት መናኝ ባልቴት አስጠነቀቋት። «ከሁለቱ ጓደኞችሽ አንዱ ሰው አይደለም፤ የሰው መልክ የለበሰ ጥላ ነው። የምንጩን አፍ እስክታሳዪው ይጠብቃል፤ ሊደፍነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አይዳሪት ግን ስትጠረጥር ከሳች። የአጎቷ ልጅ ጎርማስ በገደሉ ጭጋግ ሦስት ቀን ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ አፉ ተለጉሟል፤ የት እንደነበረ ስትጠይቀው «ተዪኝ» ብቻ ነው መልሱ። በመንገድ የተቀላቀላቸው የሩቅ አገሩ ኤልሳር ግን ጨዋታው ድካም ያስረሳል።

በአርባኛው ቀን ማምሻ እንዳር ደረሱ። ከዚያ ሁሉ ክብር የተረፈው ሁለት ረድፍ ያረጁ ጥዶች፣ ሣር የዋጠው የዓሣ ኩሬ፣ ግማሹ የተናደ ግንብና በሩ ነው። ቅጥሩን ፍየል ይዘለዋል። የእንዳር ሰው ግን ዛሬም ኮረብታውን ዞሮ በበሩ ይገባል፤ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ስሙን ይናገራል። ቅጥሩን የዘለለ የእንዳር ልጅ ድንጋይ ይሆናል፤ የአያቶች መሐላ ነው።

ጎርማስ ጀንበሯን እያየ፣ ለፈረሰ ቤት በር ማንኳኳት ምን ይሉታል ብሎ ተነጫነጨ። ኤልሳር ግን ከሁሉም ቀድሞ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ስሙን ተናገረ፤ እጅም ነሣ። ያን ጊዜ አይዳሪት ቆረጠች። ሰይፏን መዝዛ ጎርማስን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከኩሬው ዳር እንዲቀር አዘዘችው። አለመከራከሩ ጥርጣሬዋን አባሰው።

ምንጩ ከፈረሰው ቅጥር ሥር ነበር። የክዳኑን ድንጋይ ስታነሣ አንድ ነገር ውል አላት፤ የእንዳርን ማንኳኳት ለዚህ እንግዳ ማን አስተማረው? ዘወር ስትል ኤልሳር ፊት አልነበረውም። ጥላው አንገቷን አነቃት።

በበሩ ለመዞር ጊዜ አልነበረም። ጎርማስ ቅጥሩን ዘሎ ጥላውን ከላይዋ መነጨቀና በሁለት ክንዱ አቀፈው። ድንጋዩ ከእግሩ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

«ማኅተሙን አስቀምጪ» አላት። «ያን ሦስት ቀን ፈርቼ ተደብቄ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እያለቀሰች አስቀመጠችው። ጥላው በድንጋይ ክንዶች መካከል ታፍኖ ጠፋ፤ ውኃውም ጣፈጠ።

ሰመርዝ ሰባት ቀን ጨፈረ። አይዳሪት ግን ከዚያ ወዲህ ወደ እንዳር በሄደች ቁጥር ኮረብታውን ትዞራለች፤ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። የምትናገረው የጎርማስን ስም ነው።